ሦስት እሑድ

«ያጠብኩትን ሁሉ ነፋስ መጥቶ ጠጣው…»

ሰውዬው እዚህ ላይ ሲደርስ ዜማው ይቀጥላል፣ ቃሉ ግን ወደኋላ ይቀራል። ሁለተኛውን ስንኝ አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ ከምላሱ ጫፍ ያመልጠዋል፤ ሲያመልጠው «እምም፣ እምም» እያለ ያስታምመዋል። እጁ ግን ሥራውን አይረሳም። የማይክሮፎኑን ገመድ አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ እያጠፈ ይጠቀልላል። ገመድ በክርኑ ላይ ሲጠመጥም የተገኘ ሰው ወዮለት! «ላዩ ደህና ይመስልሃል፣ ውስጡ ግን ተሰብሯል» ብሎ ይነጥቀዋል።

ሥራው አሳንሰር መጠገን ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው የማያየው ጉድጓድ ውስጥ እየወረደ፣ ሰው የማያስበውን የብረት ገመድ ቅባት እየቀባ ኖሮ ዘንድሮ ጡረታ ወጣ። ከተጠራጣሪዎች ማኅበር ግን ጡረታ የለም። እናቱ ያወጣችለት ስም ቢኖርም ማኅበርተኛው የሚያውቀው «ጋሽ ማስረጃ» በሚል ነው። «ትናንት ዝናብ ጥሎ ነበር» ብትለው እንኳ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ሳይል አያልፍህም።

ሃያ አምስተኛው ጉባኤ ማለቁ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ መዳፍ አንባቢዎች፣ ስለ ተአምረኛ አምባሮች፣ በህልም ስለሚያዙ መድኃኒቶች ሲከራከር የሰነበተው አዳራሽ አሁን ጸጥ ብሏል። የማምሻ ፀሐይ በከፍተኞቹ መስኮቶች ገብታ በባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ተጋድማለች። እንግዳው ሁሉ ሄዶ፣ የቀሩት ሃያ የማይሞሉ ነባር አባላት ናቸው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የሾርባ ድስት፣ የተቆራረጠ ዳቦ፣ የሳህን ቁልል።

ማኅበሩ ለዚች ሰዓት አንድ ደንብ አለው። እያንዳንዱ አባል ሳህኑን ይዞ ይቆማል፤ በዓመቱ ውስጥ የተሞኘበትን አንድ ነገር ይናገራል፤ ተስቆበት ሲያበቃ ወንበር ይሳብለታል። ያልተናገረ አይቀመጥም። ሰው ሁሉ ይህን ሰዓት ከጉባኤው ይበልጥ ይወደዋል። ጋሽ ማስረጃ ብቻ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ሌላው ሲበላ እሱ ገመድ ይጠቀልላል፣ ድምፅ ማጉያ ይሸከማል፣ መጨረሻ ላይ «ቤት እበላለሁ» ብሎ ይወጣል። አባላቱም «እሱን ማን ያሞኘዋል!» ብለው ትተውታል።

ዘንድሮ ግን ልጁ መጥታለች።

ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አዋላጅ ናት። ማኅበሩን የሚመሩት ጡረተኛዋ የኬሚስትሪ መምህርት ራሳቸው ደውለው ነው የጋበዟት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እንግዳ ስለሆነች ደንቡ አይይዛትም። አባቷን ስትገባ «ደህና ነህ አባዬ?» ብላ ጉንጩን ስማዋለች። 

«እህ፣ መጀመሪያ የዘንድሮውን ውርደት እንጨርስ» አሉ መምህርቷ። «ንግግር ካደረጉት መሐል አንዱ ሆን ብሎ አንድ ውሸት ይናገራል፣ እናንተ ታወጡታላችሁ፤ ልማዳችን ነው አይደል? ዘንድሮ የተመደበው ሰው ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። ማንም አልዋሸም። እናንተ ግን ስንት ውሸት አገኛችሁ? አሥራ አንድ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«አንዱ እኮ» አሉ መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «'ምሳ በስድስት ሰዓት ተኩል ነው' ያልኩትን ነው ውሸት ብሎ ጽፎ የሰጠኝ።»

«እትዬ፣ ምሳው የቀረበው እኮ በሰባት ሰዓት ነው!» አለ የጥርስ ሐኪሙ። ይህ ሰው አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ወንበሩ ላይ አፋቸውን ከፍተው የተኙ በሽተኞቹ መልስ መስጠት ስለማይችሉ ለብቻው ማውራት ለምዷል ይሉታል።

ቀጥሎ ሳህኑን ይዞ የቆመው ፋርማሲስቱ ነው። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር።

«እኔ… እኔ ሰዓቴን ነው» አለ። «ወደ ሥራ ስሄድ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የግድግዳ ሰዓት አለች። በየማለዳው ሳልፍ ሰዓቴን ከእሷ ጋር አስተያያለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ አንዲት ደቂቃ ዝንፍ አትልም። ለሦስት ወር ለሰው ሁሉ አወራሁላት። 'የዛሬ ዘመን ዕቃ እንደዚህ አይሠራም' አልኩ። ባለፈው ወር ግን ፈቃድ ወስጄ እኩለ ቀን ላይ ባልፍ…»

«አትለኝም!» አሉ መምህርቷ።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ። ቆማለች። ባትሪም የላትም። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ስለማልፍ ነው እንጂ።»

ጠረጴዛው ተደበደበ። «ወንበር ሳቡለት! ይገባዋል!» ተባለ። የጥርስ ሐኪሙ የፋርማሲስቱን ጀርባ መታ መታ እያደረገ፣ «ለሰዓቷ ሦስት እሑድ መስጠት ነበረብህ!» አለ።

ጋሽ ማስረጃ ገመዱን እንደያዘ ቀጥ አለ። እነሆ ያቺ ቃል።

በዚህ ማኅበር አንድን ነገር በሚገባ ፈትሽ ለማለት «ሦስት እሑድ ስጠው» ይባላል። አዲስ አባል ሲገባ የመጀመሪያ ትምህርቱ እሷ ናት። ቃሏ የመጣችው ደግሞ ከጋሽ ማስረጃ ቤት ነው። ያኔ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንጻ ላይ፣ ከአሳንሰሩ ሞተር ክፍል አጠገብ ይኖር ነበር። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ «አባዬ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ይዘፍናል» አለችው። ቃሉን እንኳ ሳታስቀር ነገረችው። ሌላ አባት ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ተጠራጣሪ ነው፤ ልፈትሽልሽ አላት። ሦስት እሑድ በተከታታይ አሳንሰሩን አቁሞ፣ ቴፕ መቅረጫ ይዞ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በየፎቁ ተቀመጠ። የተሰማው ነፋስ የሚነካው የብረት ገመድ እምምታ ብቻ። ሪፖርት ጻፈ፣ ሥዕል ሣለ። በመጀመሪያው ጉባኤ ላይ ልጁን መድረክ አውጥቶ «ጆሮ እንዴት ያታልለናል» ብሎ አስተማረ። እሷም ቢጫ ሹራቧን ለብሳ፣ አባቷ እንዳስጠናት፣ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ «ተሳስቻለሁ» አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው። ሳቅ ግን ሳቅ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ ለአባቷ ወሬ ይዛ መጥታ አታውቅም። ክንዷ ሲሰበር ቀድማ የሰማችው ጎረቤት ናት። ስታገባም የነገረችው ቀኑን፣ ሰዓቱንና አድራሻውን ብቻ ነው።

እሱም ሲያድጉ ልጆች ዝም ይላሉ ብሎ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ሦስት ወር ድረስ።

የመጨረሻ ሥራው ያንኑ አሮጌ አሳንሰር ነቅሎ ማውጣት ነበር። ብረቱ እየተፈታ ሲወርድ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

«ይቺን ጉድጓድ ልትደፍኗት ነው እንዴ ልጄ?»

«አይ እማማ፣ አዲስ ሊገባባት ነው። ያውቋታል?»

«እንዴት አላውቃት! ያኔ ምድር ቤት ክሊኒክ ነበረ፤ የእሱን አንሶላ ሳጥብ ጓደኛዬ እሷ ነበረች። እንፋሎቱ ሲያፍነኝ ትንሿን የብረት በር ከፍቼ ወደ ውስጧ አዜም ነበር። ድምፄን አሳምራ ትመልስልኛለች። ባሌ እንኳ እንደዚያ አዳምጦኝ አያውቅ!»

ጎንበስ አሉና አዜሙ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ታች ሄዶ ይመለሳል።

«ያጠብኩትን ሁሉ ነፋስ መጥቶ ጠጣው፣
ይህን እርጥብ ልቤን ማነው የሚያሰጣው።»

ቃል በቃል ልጁ የነገረችው ነው። ጋሽ ማስረጃ ግድግዳውን ያዘ። «እማማ… እሑድ እሑድስ?» አላቸው።

«እሑድማ ምን ልሠራ? ክሊኒኩ ዝግ አይደል!»

ነዋሪው የማይቆጣው እሑድ ስለሆነ አሳንሰሩን ያቆመው እሑድ ነበር። ዘፋኟ የማትኖርባትን ቀን መርጦ፣ ሦስት ጊዜ፣ በጥንቃቄ፣ በመቅረጫ። ልጁ «ያጠብኩትን ሁሉ» ስትለው እንኳ «በዚህ ሕንጻ የሚያጥብ ማነው?» ብሎ አልጠየቀም። ማስረጃው ከአንደበቷ ሲወድቅ እሱ ገመድ ያዳምጥ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ስልኩን አንስቶ አስቀመጠ። ምን ብሎ ይጀምር?

አሁን የጥርስ ሐኪሙ ቆሟል። «ወገኖቼ፣ ዛሬ መሐላችን ታላቅ እንግዳ አለችን። የሦስቱ እሑድ እናት! ያለ እሷ ጆሮ ማኅበራችን መፈክር አይኖረውም ነበር። እትዬ፣ ወረቀቷን ያውጡላት እንጂ!»

መምህርቷ ከማኅደራቸው በወርቃማ ቀለም የታተመ የምስክር ወረቀት አወጡ። «ለቀልድ ነው ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ» አሉ። ላዩ ላይ «ለመጀመሪያዋ ክብርት ተሳሳች» ይላል።

ልጅቱ ፈገግ አለች። አባቷ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል፤ ቢጫ ሹራብ ለብሳ መድረክ ላይ ፈገግ ያለችው ፈገግታ ነው። እጇን ወደ ወረቀቱ ዘረጋች።

«ቆይ» አለ ጋሽ ማስረጃ።

ገመዱን መሬት ላይ ጣለው። ሳይጠቀልል ነው የጣለው። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ከቁልሉ ላይ አንድ ሳህን አነሳና ቆመ።

ማንኪያ የያዘ እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ ተሞኝተው ነው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ግማሽ ሳቅ ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ።

«አዎ። የተሞኘሁት ዘንድሮ አይደለም። ያወቅሁት ነው ዘንድሮ።»

ነገራቸው። አሮጊቷን፣ ትንሿን በር፣ አንሶላውን፣ እሑድን። አልቀባባውም፤ እንደ ሪፖርት ነው የተናገረው፣ ድምፁ ብቻ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። ሲጨርስ «ልጄ ትክክል ነበረች። ሁለተኛ ማንም ሦስት እሑድ እንዳይል። ቅድም በቆመችው ሰዓት የሳቃችሁት በእኔ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ በዚያው ቀን ነው የሄድኩት» አለ።

ፋርማሲስቱ ቀስ ብሎ ማንኪያውን አስቀመጠ።  መምህርቷ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፈው ማኅደራቸው ውስጥ መልሰው ከተቱት።

«ለምን ቤት አልነገርከኝም?» አለች ልጁ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ሦስት ወር ሙሉ?»

«ፈራሁ።»

«እዚህስ አልፈራህም?»

«እዚህ የበለጠ ፈርቻለሁ። ግን የተሳቀብሽ እዚህ ነው። ቤት ብነግርሽ አንቺና እኔ ብቻ እናውቃለን፤ እነሱ በየዓመቱ ይስቃሉ።»

 ጣቷ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተ፣ ዘጋ። ሰው ሁሉ ይቅርታ ሊሰማ ጆሮውን አቁሟል። እሷ ግን የመለሰችው ሌላ ነገር ነው።

«እኔ ወጣት አድርጌ ነበር የማስባት። ምን ትመስላለች?»

«አጭር ናቸው። ምርኩዝ ይዘዋል። ስቀው አይጠግቡም።»

«ድምፃቸው አሁንም ወፍራም ነው?»

«አሁንም።»

«ታች ሄዶ ነበር የሚመለሰው» አለች ለራሷ። «በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነበር የምሰማው። ለጓደኞቼም ተናግሬ አላውቅም። አብጃለሁ ብዬ እኮ ነው የኖርኩት አባዬ። ሴት ስታምጥ የሕፃኑን የልብ ምት ስሰማ እንኳ፣ 'በእውነት ሰምቼዋለሁ?' ብዬ ባልደረባዬን እጠይቃለሁ።»

ጋሽ ማስረጃ ሳህኑን በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። 

«አድራሻቸውን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ማክሰኞ ከሥራ ነፃ ነኝ። አብረን እንሄዳለን። እሑድ እንዳትለኝ ብቻ።»

መጀመሪያ የሳቁት መምህርቷ ናቸው። ከዚያ ፋርማሲስቱ፣ ከዚያ ጠረጴዛው በሙሉ። ልጅቱም ሳቀች፤ ይሄኛው ሳቅ ያ መድረክ ላይ ያየው ፈገግታ አልነበረም። በእግሯ አጠገቧ ያለውን ወንበር ከጠረጴዛው ስር ገፋ አድርጋ አወጣችው።

«ተቀመጥ እንጂ አባዬ። ሾርባው ቀዘቀዘ።»

ተቀመጠ። ወንበሩ ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስል እየተቅለሰለሰ ተቀመጠ። የጥርስ ሐኪሙ ሾርባውን ጨለፈለት፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ መፈክራችንን ምን እናድርገው?» እያለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም። ወሬው እንደገና ሞቀ። ከጠረጴዛው ማዶ ሌላ ሰው ሳህን ይዞ ተነሳ።

ልጅቱ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ባለፈው ሳምንት ምን ሆነ መሰለህ? ሌሊቱን ሙሉ ያላለቀሰ ሕፃን ነበረን፤ አንዲት እናት ከሦስተኛው አልጋ ተነስታ…»

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሳትነግረው የኖረች ልጅ ልትነግረው ነው። ጋሽ ማስረጃ አፉን ከፈተ። ያቺ የለመዳት ጥያቄ ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር። ዳቦውን ቆርሶ፣ ሾርባው ውስጥ ነክሮ፣ አፉን ሞላበት፤ እያኘከም አንገቱን ነቀነቀ፣ ቀጥይ እንደማለት።