የጋሼ ቮልስ ስንት ኩንታል ነበረች?

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ሞጣ ስንመለስ፣ ደጀን አጠገብ የጭነት መኪናዎች ተራ ይዘው በሚዛን ላይ ሲያልፉ አየሁ። ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ መኪናው ብረቱ ላይ ቆም ይላል፣ ቁጥሩ ይበራል፣ በቃ! ብቻዬን ሳቅሁ።

"እማዬ፣ ምን አገኘሽ?" አለኝ ልጄ።

ያገኘሁት አንዲት መኪና ለመመዘን ሙሉ የገበያ ቀን የፈጀንበትን ዘመን ነው።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ቢቸና ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም ጋሽ ዓለሙ ያኔም አሮጌ የነበረች ሰማያዊ ቮልስ ነበረቻቸው። ጠዋት ጠዋት ከራሳቸው ፊት ቀድመው የሚያጥቡት የእሷን ፊት ነው። ትንሽ ናት የሚል ሰው ከተገኘ ጠጅ ቤቱን ቀውጢ ያደርጉታል። "ሠላሳ ኩንታል ብረት ናት!" ይላሉ። በእኛ አገር መቅለል ውርደት ነው፤ ጋሼ ደግሞ ነገሩን እስከ መኪናቸው አድርሰውት ነበር።

በጥር ሞጣ ልዳር ሆነ። እጮኛዬ አስተማሪ ነው፤ ወድጄዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ሽማግሌዎች በጋሼ መኪና እንድሄድ ተስማሙ። ችግሩ በመንገዳችን ላይ ያለው ድልድይ ነበር። አንዱን ተሸካሚ እንጨት የክረምቱ ጎርፍ ሰንጥቆታል። ጠባቂው አቶ ሞላ ከዐሥር ኩንታል በላይ አያሳልፉም፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ይሻገርና ማዶ በቆመ ሌላ አውቶቡስ ይሄዳል። የእጮኛዬ አባት ግን "ሙሽራ በእግሯ ድልድይ ተሻግራ ቤቴ አትገባም፤ ካልሆነ እስኪጠገን ይቆይ" ብለው ላኩ። መቆየት ማለት ጾሙን አልፎ ከፋሲካ በኋላ ማለት ነው። ጠላው ተጠንስሷል፣ ሽንኩርቱ ተገዝቷል። ጠላም እኔም ፋሲካን የምንጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረንም።

ጋሼ ድልድዩ ድረስ ሄደው ለመኑ። አቶ ሞላ ሳቁ።

"ጋሽ ዓለሙ፣ ሠላሳ ኩንታል ናት ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ። እንጨቱ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ያስመዝኑና በዓይኔ ልይ።"

ቅዳሜ ቢቸና ገበያ ላይ ተሰበሰብን። ነፋሱ የጤፍ ገለባ እያመጣ ጸጉራችን ላይ ይበትናል። ባስኩላው፣ ማለትም ኩንታል የሚመዘንበት ሚዛን፣ ገበያችን ላይ እህል የሚገዙት የሞጣው ነጋዴ የሐጂ ኑሩ ነው፤ ከአምስት ኩንታል በላይ ግን አይችልም። ሐጂ ዘዴ አመጡ። አንዱ ጎማ ባስኩላው ላይ ይወጣል፣ ሦስቱ ከሱ እኩል በሆነ ጣውላ ላይ ይቆማሉ። እንዲህ እያሉ አራቱን መዝኖ መደመር ነው።

ጎረምሶች "ሆ!" እያሉ ገፉ። የኋላዎቹ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ኩንታል ከአርባ ኪሎ መዘኑ። የፊቶቹ ሁለት ኩንታል ከዘጠና፣ ሁለት ኩንታል ከዘጠና። ሲደመር ዐሥር ኩንታል ከስድሳ ኪሎ!

"አያልፍም" አሉ አቶ ሞላ።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ሐጂ ኑሩ ጎንበስ ብለው የፊት ጎማዎቹን አዩና ወደ ጋሼ ጠጋ አሉ። ከጎናቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

"ጋሽ ዓለሙ፣ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ከኋላ ነው።"

"ታዲያ ፊቷ ከኋላዋ የከበደው በምን ምክንያት ነው? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጆንያ ውስጥ ድንጋይ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

ጋሼ ሕዝቡን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ የመኪናዋን የፊት ክዳን ከፈቱ። ቮልስ ዕቃ የምትይዘው ከፊት ነው። ሦስት ትልልቅ የወፍጮ ድንጋዮች እያቃሰቱ አንድ በአንድ አወረዱ፤ ላግዝዎ ያላቸውን ሁሉ ገፉት። ገበያው በሳቅ አበደ።

"ሠላሳው ኩንታል የት ገባ?" አለ አንዱ።

"ሳቁ!" አሉ ጋሼ፣ ላባቸው ጢማቸው ላይ እየተንጠባጠበ። "ልጄ ትሻገር እንጂ እኔ ልቅለል!"

እንደገና ስትመዘን ልክ ስምንት ኩንታል ሆነች። አንድ መሪጌታ ግን አልተዋጠላቸውም። "አራት ጊዜ የተመዘነችው ያችው አንዲት መኪና ናት። ስምንቱ ለአራት መካፈል አለበት፤ ሁለት ኩንታል ናት!"

"የኔታ፣ የዛሬው መቅለል ይበቃኛል፤ በፈጠረዎ አያካፍሉብኝ!" አሉ ጋሼ።

በሠርጌ ቀን ድልድዩ መሀል ላይ እንጨቱ ሲጮህ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ጋሼ ግን የልባቸውን መናገር የፈለጉት እዚያ ላይ ነው። "ሠርግሽን ላበላሽ አይደለም፤ ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ላይ ላቆማት ነበር ያሰብኩት" አሉኝ። "አንዱ ድንጋይ በዛብኝ።"

ይህን ሁሉ መኪናው ውስጥ ለልጄ ነገርኩት። እየሳቀ ነዳ፤ ቆይቶ "አላፈሩም?" አለኝ።

አፍረዋል እንጂ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ ቢቸና "ጋሽ ስምንት" እያለ ነው የጠራቸው። ጠጅ ቤት ሲገቡ ስምንት ብርሌ የሚደረድርላቸው ቀልደኛ አይጠፋም ነበር። አንድም ቀን ባንቺ ምክንያት ነው አላሉኝም።

ልጄ ዓይኑን ወደ መንገዱ ሲመልስ እኔም ወደ ራሴ ተመለስኩ። ለሰው ብዬ እንዲያ በአደባባይ የቀለልኩበት ቀን ይኖር እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ሞጣ እስክንገባ ፈለግሁ፤ አንድም አላገኘሁም።