ጳጉሜን የማያውቅ ሠንጠረዥ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ልጄ ይታይሽ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ተኝታ ሳለ ጥያት ልሄድ አስቤ ነበር፤ ከእናቴ ጎን ተነሥታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "መቼ ነው የምትወስጅኝ?" አለች። "ቶሎ" አልኳት። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም ከወንበሬ አልወረድኩም። የሱዳኑንና የባሕሩን ነገር ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ላላያችሁት ባላወራው ይሻላል።

ኖርዌይ ስገባ ብርዱን አልፈራሁትም፤ የጮቄ ተራራ ውርጭ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ድንቹን ያለ ሚጥሚጣ ይበሉታል፤ ሹሙንም ሐኪሙንም ሽማግሌውንም "አንተ" ነው የሚሉት። መጀመሪያ አፌ እምቢ አለኝ፤ የተናደድኩ ቀን ግን ታዘዘኝ።

ያናደደኝ የይታይሽ ጉዳይ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ እንዳገኘሁ ልጄን ላስመጣ አመለከትኩ። ልጅ ወደ እናቷ የምትመጣው ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነች ብቻ ነው፤ ከሞላት በሩ ይዘጋል። ይታይሽ አሥራ ስድስት ነበረች። ደብዳቤ መጣልኝ፤ ልጅሽ የሃያ አራት ዓመት ሴት ስለሆነች አይቻልም ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ላከልኝ ቢሮ ሄድኩ። ዮን የሚባለው ሠራተኛ ስክሪኑን አዞረልኝ። ከልደት ወረቀቷ ትርጉም ላይ ቀን 4፣ ወር 13፣ ዓመት 1988 ብሎ እንዳለ ገልብጦታል። የሠንጠረዡ ፎርሙላ ከሦስቱ ቁጥር አንድ ቀን ሠርቷል፤ ጃንዋሪ 4፣ 1989። ከዚያ ላይ ዕድሜዋን አስልቶ ቁጭ።

"ጃንዋሪ ከየት መጣ?" አልኩት።

"ሲስተሙ ነው ያወጣው።"

"ልጄ የተወለደችው በሩፋኤል ማግስት ነው፤ ጳጉሜን አራት።"

"አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም።"

"ከሌለ ሠንጠረዥህ ለምን ዝም አለ?"

"ስህተት ቢኖር በቀይ ያሳየን ነበር።"

ይህንን ለኔ ነው የሚነግረኝ። ማርቆስ ሳለሁ የመሥሪያ ቤታችንን ሠራተኞች ማኅደር ኮምፒውተር ላይ የምመዘግበው እኔ ነበርኩ፤ ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። አንድ ጳጉሜን የተወለዱ ዘበኛ በዚሁ ፎርሙላ በሚቀጥለው ዓመት ተወልደው ተገኙ። "ዓመት ከቀነስሽልኝ አይቀር ጥርሴንም መልሺልኝ" ብለው አስቀውኛል። ፎርሙላው ከአሥራ ሁለት የሚበልጥ ወር ሲሰጡት አይጮህም፤ ትርፉን ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግረዋል። ያን ጊዜ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በየዓምዱ ለያይቼ፣ ፎርሙላውን አውጥቼ ጣልኩት።

"የተወለድክበትን ዓመት ጻፍ" አልኩት ዮንን። "ወሩን አሥራ ሦስት አድርግ።" ጻፈ። ጃንዋሪ ሆነ፣ በማግስቱ ዓመት። "አሁን ሃያ አምስት አድርገው።" ሁለት ዓመት ተሻገረ። ጆሮው ቀላ።

"ዓመቱም የኛ ነው፤ ከእናንተ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ልጄን ሃያ አራት ካደረግካት አንድ ፊቱን ባልም ፈልግላት።"

"ለማረም ሥልጣን የለኝም።"

"ለማበላሸት ነበረህ እኮ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሃያ አራት እያየኝ ነው። ከልጄ ዕድሜ ሰባቱን ዓመት እኔ ራሴ ወስጄባታለሁ፤ ይህ ሌት ተቀን ይቆጨኛል። ስምንት ዓመት ደግሞ ለማሽን ላስረክብ? አላደርገውም። ዮን ቀና ብሎ አየኝና ለአለቃው ደወለ። እኩለ ቀን ሲሆን እኔ እንዳሰላሁለት ጻፈው፤ ከልደቷ ቀጥሎ ያለው እንቁጣጣሽ በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ጳጉሜን አራት ሁለት ቀን ይቀድማል፤ ሴፕቴምበር 9፣ 1996።

ማኅደሩ ታረመ። ግን እንደ አዲስ ማመልከቻ ከሰልፉ ጭራ ገባ፤ መቼ እንደሚታይ የሚነግረኝ የለም። እኔም በየማክሰኞው እሄዳለሁ። አሁን አሁን ዮን ከበር ሲያየኝ ወንበሩን ራሱ ያቀርብልኛል።

ዛሬ ጳጉሜን አራት ነው፤ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው እናቴ ናት። "ልጅቱ እኮ በቁመት ከእኔ በለጠች" አለችኝ። "መንገድ ላይ ብታገኚያት አታውቂያትም።" ስልኩን ይታይሽ ተቀበለቻት።

"እማ፣ አሥራ ሰባት ሞላኝ።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ።"

"እንግዲህ የቀረን አሥራ ሁለት ወር ነው?"

"አሥራ ሦስት" አልኳት። "የኛ ዓመት አሥራ ሦስት ነው።"

አልሳቀችም። የቤታቸው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል።

"ያኔም ቶሎ ነበር ያልሽኝ" አለች።

"ነገ ማክሰኞ ነው" አልኳት። "እሄዳለሁ።"