ያልጻፍኩት ማስታወቂያ

የሲጋራ ጭስ ከጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ ፊቴን አዞራለሁ፤ ሲጋራ ስለምጠላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቀደም ዕለት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ሾፌር የለኮሰውን ሲጋራ እንደያዘ ሲገባ፣ ባለቤቷ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በአገጯ አሳየችው፤ እሱም «ይቅርታ እህቴ» ብሎ ወጣ። ይኸው ነው፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም። እኔ ግን ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ።

ያደግሁት ደጀን ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ እኔን አዝላ ከይጁቤ ገጠር መጥታ፣ ከአዲስ አበባው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ምግብ ቤት ከፈተች። ስሟ ይታይሽ ነው፣ ሾፌሮቹ «እትዬ ይታይሽ» ይሏት ነበር። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከጓዳ ደግሞ የእንጨት ምድጃ ነበረን። የዓባይን በረሃ ወርደው አቀበቱን ሲያቃስቱ የወጡት የጭነት መኪኖች ከደጃችን ይቆሙና፣ ሾፌሮቹ ገብተው ሽሯቸውን ይበሉና፣ እጃቸውን ታጥበው ሳይቀመጡ ሲጋራ ይለኩሱ ነበር።

መስከረምና ጥቅምት ደግ ወሮች ነበሩ፤ ወንበሩን ወደ ደጅ አውጥተን ሰዉ ፀሐይ እየሞቀ ስለሚበላ ጭሱ በዚያው ይበን ነበር። በበጋውም አቧራው ቢያስቸግርም በሩ ገርበብ ይል ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ከተማውን ሲውጠው፣ የገባው ሁሉ «ዝጉት፣ ነፋስ ነው» ይል ነበር። እናቴ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ነበረች። ደረቷን ሲያፍናት ብርድ የመታት እየመሰላት፣ ሰባት ስምንት ሰው ቁጭ ብሎ እያጨሰ፣ መስኮቱን በአሮጌ ነጠላ ትወትፈው ነበር። በእኛ ከተማ ነፋስ የማይፈራ አልነበረም፣ ጭስ የሚፈራ ግን አንድም ሰው አላውቅም ነበር።

እኔ አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ በሰኔ፣ ሳሉ አላስተኛ ሲላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ አስም ነው ብላት፣ የምድጃውን ጭስ መሸሽ ባትችይ እንኳ የሲጋራውን አስቁሚው አለቻት። እናቴ ደንበኛ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ስታስብበት ሰነበተችና አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ካርቶን ቆርጣ ጠበቀችኝ።

«ልጄ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ይላሉ» አለችኝ። «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው ብለሽ ጻፊልኝ። ከሥሩ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ታማለች በይ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

እናቴ ፊደል አትለይም ነበር።

ያን ጊዜ በእናቴ አፍር ነበር፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልናገረው። በአነጋገሯ አፍር ነበር፣ በሳሏ አፍር ነበር፣ የገጠር ሰው መሆኗ የትም ቦታ ያስታውቅባት ነበር። ጋሼ ደምሴ የሚባሉ የተሳቢ ሾፌር ነበሩ፤ ባለፉ ቁጥር ከአዲስ አበባ እስክሪብቶ ያመጡልኝ፣ ደብተሬን ገልጠው «ጎበዝ» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ያጨሳሉ። ሲጋራውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ዕቃ ስለሚጭኑበት ወደብ ሲያወሩ፣ ዓለም ሁሉ በእሳቸው በኩል ወደ ቤታችን የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ይህን ማስታወቂያ አይተው የእነ እገሌን ቤት ቢመርጡስ? ደግሞስ ምን ዓይነት ባላገሮች ናቸው ቢሉንስ?

ካርቶኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አበባ አክዬበት፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «በሰላም ግቡ፣ በሰላም ውጡ» አልኩበት። እናቴ ሁለት መስመር መሆኑን አይታ ደስ አላት።

«ታማለች የሚለው የትኛው ነው?» አለችኝ።

ጣቴን «በሰላም ግቡ» ከሚለው ሥር አስቀመጥኩ። እሷም የራሷን ጣት አምጥታ ቀስ ብላ ዳበሰችው። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ማንም ሲጋራ ሲያወጣ እናቴ ቃል አትናገርም ነበር፤ ፈገግ ብላ በጭልፋዋ ግድግዳውን ታሳይ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ ያነብና ፈገግታዋን በፈገግታ መልሶ፣ «እግዜር ይስጥልን እትዬ» ብሎ ይለኩስ ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ስናጥብ «የሰው ልብ እንዴት ደነደነ፣ መታመሜን አንብቦ እየሳቀ ያጨሳል» አለችኝ። እኔም «ተያቸው እማ» አልኳት። አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኳት። ካርቶኑን ገልብጬ እውነቱን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር፤ መጀመሪያ ጋሼ ደምሴን ፈርቼ ተውኩት፣ ኋላ ደግሞ እናቴን ፈርቼ ተውኩት።

በሁለተኛው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቀትር ላይ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ከጓዳ የሳህን ስብራት ተሰማ። ስሮጥ እናቴ ተንበርክካ ምሰሶውን ይዛለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ አየሩ ግን አይገባላትም፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጋሼ ደምሴ አፋቸው ላይ የነበረውን ሲጋራ ጥለው እናቴን አንሥተው አቀፏትና፣ መኪናቸው ላይ አውጥተው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ፣ ካርቶኑን ዛሬ እቀዳደዋለሁ፣ ብቻ አትሙትብኝ እያልኩ ስለት እሳል ነበር። አልሞተችም። ካርቶኑንም አልቀደድኩትም።

በሳምንቱ ጋሼ ደምሴ ሊጠይቋት መጡ። እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ከጥግ ተቀምጣ ነበር።

«እንዲህ የሚያምዎት ከሆነ ምነው ሳይነግሩን?» አሏት።

«ምን ልበል ጋሼ» አለች እናቴ፣ እያፈረች። «አስጽፌ ለጥፌያለሁ እኮ። እያነበባችሁ ነው የምታጨሱት።»

ጋሼ ደምሴ ዞረው ግድግዳውን አዩት። አነበቡት። ከዚያ እናቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ እናቴ ዞረው፣ «እውነትዎን ነው፣ ተጽፏል» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላስተውል ቀርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።» አልፈውኝ ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬውኑ ጻፊው» አሉኝና፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመው አጨሱ።

የዚያኑ ቀን ጻፍኩት። እናቴ ካርቶኑ ለምን ተለወጠ ስትለኝ «አሮጌው በጭስ ጠቆረ» አልኳት፤ አመነችኝ። ጋሼ ደምሴ እስክሪብቶ ማምጣታቸውን አላቆሙም፣ ደብተሬን ገልጠው ማየቱን ግን ተዉት።

አሁን እናቴ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። የሚነፋው መድኃኒቷ ከራስጌዋ አይለይም፤ ከመኝታዋ እስከ በሩ ለመሄድ ሁለቴ ታርፋለች። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስ በሕግ መከልከሉን ከሬዲዮ ከሰማች ወዲህ፣ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትናገረው አንድ ወሬ አላት። «መንግሥት ሳይከለክል እኔ ከልክዬ ነበር» ትላለች፣ ትንፋሿን እየለቀመች። «ይቺ ልጄ ናት በዚያ በሚያምር እጇ የጻፈችልኝ።» እንግዳው «ተባረኪ» ይለኛል። እኔ ትሪውን ይዤ እቆማለሁ።

ያኔ ሾፌሮቹ ፊት እናቴ አፏን ስትከፍት መግቢያ ይጠፋኝ ነበር፤ አሁንም ይጠፋኛል። ትናንት ጎረቤታችን ሄዳ ብቻችንን ስንቀር እውነቱን ልነግራት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር።

«እማ» አልኳት።

«ወዬ፣ ልጄ።»

«ነፋስ ገባ መሰለኝ» አልኳት። «መስኮቱን ልዝጋው?»