የባለጓዳዋ ጎማዎች

ከቤቴ አጥር ሥር የጎሚስታ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት መዶሻ ቸርኬ ላይ ሲያርፍ እሰማለሁ። ያ ድምፅ ሲመጣ የያዝሁትን ዕቃ እንደያዝሁ ቆሜ፣ ብረቱ ደኅና ይሁን ስንጥቅ ያለበት ለመለየት ሳላስበው ጆሮዬን እጥላለሁ። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ቸርኬውን፣ ጎማው የሚገባበትን ብረት፣ በሽቦ አንጠልጥለው በመዶሻ ሲመቱት፣ የደኅናው ድምፅ ረዝሞ ይሄዳል፣ የተሰነጠቀው ግን ወዲያው ይታፈናል። «ስሚ» ብለው ይመቱና ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቁ ነበር፤ ተሳስቼ ስመልስ መዶሻውን አስቀምጠው በጥፊ ይሉኝ ነበር።

አባቴ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፣ እጃቸው ግን ፈጣን ነበር። ወጥ ሲያርር፣ በር ሳይዘጋ ሲያድር፣ መፍቻ ሲጠፋ፣ ከቃላቸው በፊት የሚመጣው እጃቸው ነበርና እናቴና እኔ ኮቴያቸውን ገና ከአጥር ውጭ ሰምተን የዕለቱ አረማመድ ምን ዓይነት እንደሆነ እናዳምጥ ነበር። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስለሞቱ በቤቱ ውስጥ ልጅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ የሚደርስብኝን የሚካፈለኝ አልነበረም።

አባቴ የራሳቸው መኪና ነበረቻቸው፤ የሰጣቸው አንድ የውጭ አገር መምህር ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ለዓመታት ሲጠግኑለት ስለኖሩ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ያረጀች፣ ሆደ ሰፊ መኪና ነበረች፤ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ የሚታጠፍ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሣጥን፣ ውኃ በእጅ የሚሳብባት ጎድጓዳ ሳህን የምታህል መታጠቢያና ባለ አበባ መጋረጃ ነበራት። የሰፈሩ ሰው ጓዳ ይዛ የምትዞር መኪና አይቶ ስለማያውቅ «ባለጓዳዋ» ይላት ነበር። አባቴ እሑድ እሑድ ጣና ዳር ካለችው ቁንዝላ ድረስ ሰው ያደርሱባት፣ ሲመለሱ ዓሣ ይጭኑባት፣ በጥምቀት ደግሞ መራመድ የተሳናቸውን ሽማግሌ ካህናት በነፃ ያመላልሱባት ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ክረምቱ ከባድ ነበር። ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ እናቴና እኔም ተሳፍረን ከቁንዝላ ስንመለስ፣ የፊተኛው ቀኝ ጎማ ፈነዳ። ድምፁ የጥይት ድምፅ ይመስል ነበር፣ በዚያ ዘመን ደግሞ የጥይት ድምፅ የማያውቅ ሰው ስላልነበረ ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ይዞ አጎነበሰ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዳ በጎኗ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ቁም ሣጥኑ ተነቅሎ እናቴ ክንድ ላይ አረፈ፤ ስትጮህ ሰማሁ፣ ከዚያም ዓሣውና ጭቃው ከደም ጋር ተደባልቆ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። አንድ አዛውንት ሦስት ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲያዩአቸው ትዝ ይለኛል። የእናቴን ክንድ ወጌሻ አሰረው፣ ግን ጠምሞ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ እንስራ አንሥታ አታውቅም።

«አዲስ ጎማ ካላስገባህ እኔም ልጄም እግራችንን አናነሣባትም» ትል ነበር፣ ክንዷን እየያዘች።

ጎማ መለወጥ ግን የዋዛ ነገር አልነበረም። ጦርነቱ ስለበረታ ቀበሌው መኪና ይመዘግብ ጀምሮ ነበር። ጎማው ደኅና የሆነ መኪና ከነሹፌሩ ወደ ግንባር ይወሰዳል፤ ጎማው ያለቀ ግን «መንገድ ላይ ያስቀረናል» ተብሎ ይተዋል። ከሰፈራችን ከነጭነት መኪናቸው የተወሰዱ አንድ ጎረቤት ነበሩ፤ ከእሳቸው የተመለሰው ኮፍያቸው ብቻ ነው። እናቴ በመንገድ መሞትን ትፈራ ነበር፣ አባቴ ደግሞ በግንባር መሞትን ይፈሩ ነበር፤ ስለዚህ የሚፈልጉት ለሚያየው ሰው የሞተ፣ ለሚነዳው ግን ነፍስ ያለው ጎማ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ መሬቱ ሲደርቅ በየቅዳሜው እትየ ዘውዴ ግቢ እንሄድ ጀመር። እትየ ዘውዴ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ እሱ ከሞተ በኋላ አሮጌ ጎማ እየሰበሰበች ለበረባሶ ጫማ ሠሪዎች የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ የከተማው ግማሽ በእሷ ጎማ ይራመድ ነበር። አባቴ ጎማውን በጥፍራቸው ወግተው፣ አሽትተው፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደቀረው በክብሪት እንጨት ለክተው ሲያበቁ እኔን ይጠሩኝ ነበር። የእሳቸው መዳፍ በሥራ ደንዝዞ ስለነበር ውስጡን የምዳስሰው እኔ ነበርሁ። እጄን አስገብቼ ዙሪያውን በዝግታ ስሄድበት፣ የተበጠሰ ክር ካለ እንደ ዓሣ አጥንት ይወጋኛል፣ የላላ ቦታ ካለ ጣቴ ይሰምጣል። የሚወጋኝን ሳላገኝ ባልፍ ምን እንደሚደርስብኝ ስለማውቅ በጣም እጠነቀቅ ነበር።

ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ተመለስን። በአራተኛው አባቴ ከግቢው ጥግ ዶሮዎች የሚተኙባቸውን አራት ጎማዎች አዩ። ገለባ ተጎዝጉዞባቸው፣ በኩስና በፀሐይ ነጥተው፣ ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ዶሮዋን በእግራቸው ገፋ አድርገው አንዱን ገለበጡት።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለች እትየ ዘውዴ። «መንግሥት የሰው ትርፍ ቤት ወረሰ፣ አንተ ደግሞ የዶሮ ቤት ልትወርስ መጣህ?»

«ለዶሮዎችሽ አራት ክፍል ይበዛባቸዋል።»

«አውራው አፍ የለው ብለህ እንጂ ቀበሌ ይከስስህ ነበር። ይህን ኩስ ሲጠጣ የኖረ ጎማ ምን ልታደርገው ነው?»

«ልነዳበት።»

«የሚስትህ አንዱ ክንድ ተርፎ የለ? እሱንም ልትጨርስ ነው?»

አባቴ መዶሻቸውን እንደያዙ ዞረው አፈጠጡባት። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። «አትፍጠጥብኝ፣ እኔ ሚስትህ አይደለሁም» አለችና ገለባውን እያራገፈች ጎማዎቹን ወደ እኛ ገፋቻቸው።

ውስጣቸውን ዳሰስሁ። ለስላሳ ነበር፣ የሚወጋ ነገር አጣሁ። ጥርሳቸውም ያልተነካ ያህል ጥልቅ ነበር፤ ያረጀው ለዓይን የሚታየው ጎናቸው ብቻ ነው። «ጤነኞች ናቸው አባየ» አልሁ፣ አባቴም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። በአደጋው ከተጣመሙት ሁለት ቸርኬዎች ምትክም ከክምሩ ሁለት መርጠው፣ አንጠልጥለው፣ መትተው፣ እኔን አሰምተው ወሰዱ። ቤት ስንደርስ ኩሱን አላጠቡትም። እንዲያውም አመድና ኖራ በውኃ በጥብጠው ለቀለቁበት፣ በጥርሱ መካከል ጭቃ ጠቀጠቁበት፣ ጎኑ ላይ የአሮጌ ከመነዳሪ፣ የውስጥ ጎማ፣ ቁራጭ ለጠፉበት። የቀበሌው መዝጋቢ መጥቶ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «ያለቀ» ብሎ ጻፈ። የዚያን ዕለት አባቴ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ።

በታኅሣሥ የእናቴ ታናሽ ወንድም ካሳ መጣ። የመንግሥት እርሻ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፣ እንዴት እንዳገኛቸው ባላውቅም በጋሪ አራት አዲስ ጎማዎች ጭኖ ነበር። ጎማ አዲስ ሲሆን ላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቆመ ቀጫጭን ላስቲክ አለው፤ የነዚያ ፀጉር ገና አልረገፈም ነበር። እናቴ በደኅናው እጇ ደባበሰችው።

«ይዘህ ውጣ» አሉ አባቴ።

«ለአንተ አላመጣሁም፤ ላንጋደድሃት እኅቴ ነው ያመጣሁት» አለ ካሳ። ከዚያ ባለጓዳዋን ዞሮ አይቶ ሳቀ። «ይኼ ጎማ ነው? የለማኝ ተረከዝ ነው እንጂ። ሰው ሲዘምት አንተ ዶሮ ኩስ ውስጥ ተደብቀህ ልትቀር!»

አባቴ ጎማ የሚያወልቁበትን ብረት አንሥተው አፉ ላይ መቱት። ካሳ ወደቀ፣ ሲነሣ የክሪኩን እጀታ ይዞ ነበርና የአባቴን ቅንድብ ተረተረው። ሁለቱም ተያይዘው ነዳጅ የፈሰሰበት አፈር ላይ ተንከባለሉ፤ አንዱ የሌላውን ጆሮ ነክሶ ያጉረመርማል። እናቴ ልትገላግል ገብታ በጠማማው ክንዷ ላይ አንዱ ሲረግጣት ያሰማችው ድምፅ ለያያቸው። ካሳ ደም እየተፋ ተነሣና አንዱን ጎማ እያንከባለለ ወደ ጋሪው ይዞ ወጣ። አራቱን ባንድ ጊዜ ማውጣት ስላልቻለ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ በተመለሰ ቁጥር ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ይወጣል፣ አባቴም ቅንድባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ያያሉ።

ነገሩ ከግቢያችን ወጥቶ ተሰማ። ተማሪ ቤት ስሄድ ልጆቹ «የለማኝ ተረከዝ ልጅ» ይሉኝ ጀመር፤ አንዷን በድንጋይ ፈንክቻት እኔም ተደበደብሁ።

ጥር ሲደርስ ከተማው ሁሉ ለጥምቀት አዲስ ልብስ ያሰፋ ነበር። እናቴ ለእኔም ቀሚስ አሰፋችልኝ። ለታቦት በዓል የድሀ ድሀ እንኳ የተቻለውን ቀይሮ ሲወጣ፣ ካህናት የሚሳፈሩባት ባለጓዳዋ በኩስና በኖራ ተለቅልቃ ታቦቱ ፊት ልትቆም መሆኑ ያሳፍረኝ ነበር። ደኅና ጎማ እንደሚያስወስድ አላወቅሁም አልልም፤ አውቅ ነበር። ግን በታቦት ቀን ማንም ማንንም አይዝም ብዬ አመንሁ። በበዓሉ ማግሥት ጭቃውንና ኖራውን እኔው ራሴ ለመመለስ አስቤ፣ የከተራ ዕለት ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ፣ እናቴም ገበያ ሳለች፣ አራቱን ጎማዎች በሣሙናና በሽቦ ብሩሽ ፈተግኋቸው። ልጥፉን ላጥሁት፣ ጭቃውን በምስማር ጠረግሁት፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ከጥላሸት ጋር አዋሕጄ በጨርቅ ቀባኋቸው። ጥቁር ሆነው አበሩ። እጄን በአመድ ባጥበውም ጥፍሬ ሥር የገባው አልለቅ አለኝ።

ከቀትር በኋላ ስንነሣ፣ ሁልጊዜ መኪናዋን ዞረው ሳያዩ የማይነሡት አባቴ ነጭ በነጭ ለብሰው ስለነበር ጎንበስ አላሉም። እናቴና እኔ ከኋላ፣ ሁለት ሽማግሌ ካህናት በአልጋው ላይ ተቀምጠን፣ ወደ ሐይቁ ከሚያወርደው መታጠፊያ ስንደርስ ወታደሮችና የአብዮት ጥበቃ ሰዎች አስቆሙን። ለበዓሉ የወጣውን መኪና ሁሉ እያዩ ነበር።

አንዱ መዝገብ ገለጠ፣ አለቃው ደግሞ ጎማውን በጫማው ረገጠ። «ጓድ፣ እዚህ ያለቀ ይላል። ይኼ ያለቀ ነው?»

አባቴ ወረዱና አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ዞሩና በተከፈተው በር ውስጥ እጆቼን አዩአቸው። እንደዚያ ሲያዩኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ ትከሻዬን ሰበሰብሁ። እሳቸው ግን ኮታቸውን አወለቁና ጭኔ ላይ፣ እጆቼ ላይ ጣሉት። «ያዥው» አሉኝ።

«ማነው ያጠበው?» አለ አለቃው።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ።

«እስከ ዛሬ ደብቀህ፣ ዛሬ አጠብኸው?»

«ጥምቀት ነው። ይታይልኝ ብዬ ነው።»

ወታደሮቹ ሳቁ። አለቃው «አሻጥረኛ!» አለና የጠመንጃውን ሰደፍ አፋቸው ላይ ሰነዘረ። አባቴ በጉልበታቸው ወደቁ፣ ሁለተኛው ምት ጎናቸውን፣ ሦስተኛው ጣቶቻቸውን አገኘ። አንደኛው ካህን «ልጄ፣ ኧረ ታቦት እየመጣ ነው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ገፍተው ጣሏቸው። አባቴ ሲመቱ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ከበሮው ከሩቅ ሲሰማ ተጣደፉና እኛን ከመኪናው አወረዱን፣ እሳቸውን ደግሞ ነጠላቸው በደም ርሶ እንደተንጠለጠለ ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አንድ ወታደር ጎናቸው ገባ። አባቴ ባበጠ እጃቸው ማርሹን አስገብተው፣ ወደ እኛ ሳያዩ ነዱ። የምንበረከክለት ታቦት ሲደርስ አቧራው ገና አልሰከነም ነበር።

አባቴ አልተመለሱም፣ ባለጓዳዋም እንደዚሁ። እናቴ ብዙ ዘመን ኖረች፤ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ቡና እያፈላች «ለሰው ይታይልኝ ብሎ ሄደ። ልጁን ሜዳ ላይ ጥሎ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጎማ አጥቦ!» ትል ነበር። ልጅ ሳለሁ እውነቱን ብነግራት ትጠላኛለች ብዬ ፈራሁ። ሳድግ ደግሞ፣ ጠማማ ክንዷን ይዛ ጠዋት የሚያስነሣት ያ ቁጣዋ መሆኑን ስለማይ፣ እሱን ልነጥቃት አልደፈርሁም። አንገቴን ደፍቼ ስኒ እቀበላት ነበር።

ያን ጊዜ በቤታችን ውስጥ ትንሹ ጥፋት ሳይውል ሳያድር ይጠየቅበት ነበር፤ ለተሰበረ ሳህን፣ ለጠፋ መፍቻ ፍርዱ ወዲያው ይመጣል፣ ያልቃልም። ዛሬ ቤቴ ጸጥ ያለ ነው። እናቴን ከቀበርናት ቆየን። የሚመታኝ የለም፤ ተቀመጪ ልንገርሽ የምላትም የለችም።