ለሽማግሌ የገባሁት ቃል

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የሰው ነፍስ ላስጠፋ ነበር... ያውም በጨዋነቴ።

ባሕር ዳር ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኝነት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባሏ ክንዷን ሰብሮ «ቀጥሎ አንገትሽን ነው» ያላትን አንዲት ሴት ከሁለት ሳምንት በፊት ያሸሸኋት እኔ ነኝ። የሺ ልበላት፣ የሁሉንም ስም ቀይሬያለሁ። የተደበቀችበትን ቤት ከቢሯችን የምናውቀው እኔና አለቃዬ ብቻ ነበርን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትሁ... ሦስት ሽማግሌዎች። የላካቸው ባልየው ነው። ፊት የቆሙት ጋሼ ደምሴ ናቸው፣ የሟች አባቴ ጓደኛ፣ በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጉኝ።

«ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» ብላቸው ገቡ እንጂ መቀመጥ... ወይ ፍንክች።

«ልጄ፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም። ያለችበትን ንገሪንና እናስታርቃቸው» አሉኝ ጋሼ ደምሴ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሥራ ምስጢር ነው። አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሼ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ከዘራቸው ላይ ተደግፈው እዚያው ሳሎኔ መሀል ቆመው ቀሩ... እኔ ደግሞ ሽማግሌ አቁሞ በሚመልስ ቤት ያደግሁ አይደለሁም። ጭንቅ ሲለኝ፣ «ቦታውን አልናገርም። ግን ሰኞ ጠዋት ራሴ ሄጄ መልእክታችሁን እነግራታለሁ» አልሁ።

መርቀውኝ ተቀመጡ። እኔም ምስጢሬን ጠበቅሁ ብዬ ኮራሁ። ሞኝ።

ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ተሳፈርሁ። ድልድዩን ተሻግረን ዓባይ ማዶ ስንገባ በባጃጁ መስታወት አንድ ሞተር አየሁ። ባልየው ነው። ቢሮ ድረስ መጥቶ ሲዝትብኝ ስለነበር ፊቱን አልስተውም። ሽማግሌዎቹ በቅንነት «ሰኞ ጠዋት ሄዳ ትነግራታለች» ብለውታል... እሱ ደግሞ ከቤቴ በር ጀምሮ ተከትሎኛል።

ባጃጁ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እዚህ ጋ አልነበር የምትወርጂው?» አለ ሹፌሩ።

ቀና ስል... የሺ ትታየኛለች። ከአጭሩ አጥር ወዲያ ልብስ እያሰጣች ነው፣ ጀሶ የታሰረበት ክንዷ ሳይቀር ይታያል። ሃያ እርምጃ አይሞላም።

«ቀጥል» አልሁት። ሹፌሩ ግራ ገብቶት ዞሮ አየኝ። «ቀጥል አልሁህ፣ እስከ ፖሊስ ጣቢያው።»

ሞተሩ በአጠገቧ አለፈ። ዓይኑ እኔ ላይ ተተክሎ ስለነበር ወደ ጎን አላየም። ያዳናት ይሄ ብቻ ነው... የእኔ ብልሃት አይደለም።

ጣቢያው በር ላይ ስወርድ ባልየው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አልጮኸም። ፈገግ ብሎ «እህት፣ ለሽማግሌ ቃል ገብተሽ አልነበር?» አለኝ። ጥበቃው ወደ እኛ ሲመጣ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ለአለቃዬ አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝሁ። የሺ የዚያኑ ዕለት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች፣ ጉዳይዋንም ሌላ ባልደረባ ተረከበ። ግን ያደረግሁትን ከእኔው አፍ መስማት መብቷ ነው። ደወልሁና ነገርኋት።

«አንቺም?» አለችኝ።

አሁን የት እንዳለች አላውቅም፣ እንዲነግሩኝም አልፈልግም።

ለአዲስ ሠራተኞች ስለ ምስጢር ጥበቃ የማሠለጥነው እኮ እኔ ነኝ... አፌን ዘግቼ በእግሬ ላሳብቅባት ነበር።