አይፈቅድም የተባለው መመሪያ

ከቦንጋ ብዙ በማትርቀው ሺሺንዳ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበርኩ። አንድ መስከረም፣ ምዝገባ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት ልጇን አዝላ መጣች። አወቅኳት። አባቷ ከወሎ መጥተው ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ባለፈች ማግስት ለጅማ ነጋዴ ድረዋት ነበር። ትዳሩ አልሆነም፤ ተመልሳ አባቷ ቤት ገብታለች። የስምንተኛ ክፍል ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

«ቲቸር፣ ዘጠነኛ ልመዝገብ ነው» አለችኝ።

ቅጹን መሙላት ስጀምር ዳይሬክተሩ ከኋላዬ መጡ። ካርዱን አዩ፣ ሕፃኑን አዩ።

«ይህቺ አትመዘገብም። ካቋረጠች ቆይታለች፤ ደግሞ ወልዳለች። መመሪያው አይፈቅድም።»

«የትኛው መመሪያ?» አልኳቸው።

«የትምህርት መመሪያው ነዋ!»

«ላየው እችላለሁ?»

የሰደብኳቸው ያህል ዞረው አዩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከእሳቸው በፊት የነበረው ዳይሬክተር «አይፈቅድም» ብሏቸዋል፣ ለእሱም ሌላ ሰው ብሎታል። ወረቀቱን ያየ ግን የለም። ፋይሉ የት እንዳለ ስጠይቅ የቀድሞው ዳይሬክተር ደካ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሲዛወር ከዕቃው ጋር ሳይወስደው እንዳልቀረ ነገሩኝ። ልጅቷ ካርዷን መልሳ ጠቀለለችና ወጣች። እንደ ለመደችው ነገር መቀበሏ አናደደኝ። እኔ በየዓመቱ «የሕግ የበላይነት» ብዬ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው፣ የምሠራበትን ትምህርት ቤት የሚገዛውን ሕግ አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም።

ከቤተ መጻሕፍታችን ጀመርኩ። ቁልፉ የተያዘው ሥልጠና በሄደ ሰው እጅ ነበርና አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ሲከፈት ያገኘሁት ማንም ከፍቷቸው የማያውቅ የእንግሊዝኛ የኬሚስትሪ መጻሕፍትና ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በሲባጎ የታሰረ የነጋሪት ጋዜጣ እስር ነው። ደስ ብሎኝ ፈታሁት። እርጥበት አጣብቆታል። አንዱ ስለ ጉምሩክ፣ አንዱ ስለ ትራንስፖርት። ስለ ትምህርት የሚለው ሽፋኑና የመጨረሻው ገጹ ብቻ ቀርቶ መሃሉ የለም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው «ደብተር መለበጫ አድርገውት ይሆናል» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ቦንጋ ወረድኩ። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሄጄ መዝገብ ቤቱን አንኳኳሁ። ሰውዬው በስልክ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ይጫወታል። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ደብዳቤ ይዘሻል?» አለኝ።

«የምን ደብዳቤ?»

«መመሪያው ይሰጣት የሚል።»

«መመሪያ እኮ የሕዝብ ነው፣ ወንድሜ።»

«የሕዝብ ስለሆነ ነዋ በደብዳቤ የሚሰጠው።»

ሺሺንዳ ተመለስኩ። ዳይሬክተሩ «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» እያሉም ቢሆን ጻፉልኝ፤ ማህተሙ ደብዝዟል ብለው ሁለት ጊዜ መቱት። በሳምንቱ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ደብዳቤውን በጥሞና አነበበ፣ ቁጥር ሰጠው፣ ፋይል ውስጥ አስገባው። ከዚያ ቀና ብሎ «መመሪያው እኮ እኛ ጋ የለም» አለኝ። የነበረውን ቅጂ አንድ ባለሙያ ለስብሰባ ይዞት ወጥቶ አልመለሰውም።

«ታዲያ ይህን ባለፈው ለምን አልነገርከኝም?»

«ባለፈው ደብዳቤ አልያዝሽማ።»

ከዚያ የወጣሁት እያለቀስኩ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፍርድ ቤቱ ውስጥ የሕግ መጻሕፍት ክፍል አለ ሲሉ ሰምቼ ስለነበር በዚያው እግሬ ሄድኩ። ሬጅስትራሯ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ደብዳቤ አልጠየቁኝም፤ ወንበር ሳቡልኝ። ጥራዞቹን አንድ በአንድ ስገልጥ ቆይተው መጡና «አዋጅ ነው መመሪያ የምትፈልጊው?» አሉኝ።

«መመሪያ፣ እትዬ።»

«እዚህ ያለው አዋጅና ደንብ ነው፣ ልጄ። መመሪያ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ነው የሚቀረው። ኢንተርኔት ላይ የሚያጠራቅሙ አሉ ይባላል፤ እስቲ እዚያ ሞክሪ።»

ያን ጊዜ ቦንጋ ኢንተርኔት ቤት መግባት ማለት ወረፋ ጠብቆ፣ ከኔትወርኩና ከመብራቱ ጋር ተማምሎ መቀመጥ ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሻሽ ያሰረች፣ ፈጣን አነጋገር ያላት የነጋዴ ልጅ ናት። የሕጎች ማከማቻ የሆነ ገጽ አገኘሁ። «ትምህርት» ብዬ ጻፍኩ፤ ምንም የለም። ሲጨንቀኝ በሐመሩ «ሕ» ጻፍኩት፤ መጣ! «ጽሕፈት» ደግሞ በሌላው «ፅ» ካልሆነ አልመጣ አለ። ለካ ሕጉን ያስገቡት ሰዎች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው በፈለጉት ፊደል ነው የጻፉት። ሀሌታውን፣ ሐመሩን፣ ብዙኃኑን፣ እሳቱን ንጉሡን እየቀያየርኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። በመጨረሻ ርእሱ ደህና የሚመስል ሰነድ ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን።

«ተበላሽቷል» አልኩ።

ባለቤቷ ከትከሻዬ በላይ አየችው። «አልተበላሸም፣ ፎንቱ የለንም። ቆዪ።» ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ ጫነችልኝ። ሳጥኖቹ ፊደል ሲሆኑ እጇን ያዝኳት። የምዝገባውን ክፍል ልደርስበት ስል መብራት ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ተመልሼ አሳተምኩት።

ያቋረጠ ተማሪ ማስረጃውን ካቀረበ ይመዘገባል ይላል። ስለ መውለድ አንዲት ቃል የለችበትም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዳይሬክተሩም አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ማህተም የለውም» አሉኝ። «ከኢንተርኔት የወጣ ነገር ማን ያምነዋል?»

«ማህተም የሌለውን ወሬ እኮ እስካሁን አምነውታል!» አልኳቸው። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ቢሮው በር ላይ የነበሩ ሁሉ ሰሙ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን መለሱልኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ማህተም ካለው እመዘግባታለሁ፤ ቃሌ ነው» አሉኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ መዝገብ ቤቱ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይኸው! እኛም ስንፈልገው ነበር» ብሎ ለራሱ ኮፒ አደረገ። ከዚያ በእኔ ወረቀት ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማህተም መታልኝ። ዋናው የት አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ተቀብዬው ወጣሁ።

ልጅቷ በኅዳር ተመዘገበች። ዳይሬክተሩ ቅጹን ራሳቸው ሞሉላት፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሕፃኑን እናቷ ያዙላት። የመጀመሪያው ፈተና አልፏት ስለነበር ሁለት መምህራን ድጋሚ አንሰጥም አሉ። በዚያ ዓመት ያለፈችው ለጥቂት ነው፤ በስምንተኛ ክፍል የነበራትን ደረጃ ዳግመኛ አላገኘችውም። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ይህን አንስቼ አዘንኩላት። «ገባሁ አይደል፣ ቲቸር?» አለችኝ፣ ሳቅ ብላ። እሷ ይቅር ብላለች። እኔ ግን እነዚያን ሁለት ወራት ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።