ካሜራው ያላለፈበት ጉሮሮ

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም.፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሐኪም ተሳስቶ ሰው ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የእኛ ታሪክ ግን እንደዚያ አይደለም። ምናልባት ከአእምሮዬ አልወጣ ያለውም ለዚህ ይሆናል።

አባቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ድንችና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ነበር። እኔ ዳንግላ አስተምራለሁ። ክረምቱን በሙሉ እንጀራ አልወርድ ሲለው ለማንም ሳይናገር ቆይቶ ኖሯል። እናቴ የጠረጠረችው በሶ በጥብጦ ከመጠጣት ሌላ ምንም አልቀምስ ሲል ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ ያ ሰፊ ትከሻው ኮቱን መሙላት አቅቶት አገኘሁት። ብዙ ለምኜው ዳንግላ ይዤው ገባሁ።

በዚያን ጊዜ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ የሆድ ዕቃ ሐኪም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። በአፍ ገብቶ ጉሮሮንና ጨጓራን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ አለው። ስሙ ኢንዶስኮፒ ነው፤ ሰው ግን «ካሜራ መዋጥ» ይለዋል። የክሊኒኩ ነርስ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ፣ ውሃም ቢሆን እንዳይጠጣ አስጠነቀቀችን።

ቅዳሜ ጠዋት ተራው ሲደርስ እንደገና ጠየቀችው። እህል አልቀመስኩም አላት። ውሃስ አለችው። ውሃም አልጠጣሁም አለ። ልታስገባው ከተነሳች በኋላ ቆም ብላ «ጸበልስ አባባ?» አለችው።

አባቴ «ጸበል እህል ነው እንዴ ልጄ?» አላት።

ለካ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ተሳልሞ፣ ጠጥቶ ተመልሷል። ነርሷ አልተቆጣችም። በምርመራው መሃል ሆድ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ወደ ላይ ቢመለስ ሳንባ ገብቶ ሊገድል እንደሚችል ቀስ ብላ አስረዳችው፤ ለሐኪሙም ነገረችው። ሐኪሙ ተራውን ወደ ከሰዓት አዞረው።

አግዳሚው ላይ ሆነን ስንጠብቅ ከጫግኒ የመጣ አንድ እህል ነጋዴ ምርመራውን ጨርሶ ወጣ። የጨጓራ ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል ተባልኩ ብሎ ፊቱ በርቶ ነገረን። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ የኔም ያው ነው አለኝና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወዲያው ግን ይህ ሰውዬ የዋጠውን ቱቦ ነው የምታስውጡኝ ብሎ ተጠየፈ። በተከፈተው በር በኩል ነርሷ ስታጥብ ይታየን ነበር። የቱቦውን ውስጥ በረጅም ቀጭን ብሩሽ ፈተገችው፤ ከዚያ መድኃኒት ውስጥ ዘፈዘፈችው። ከተጠባባቂዎቹ አንዷ መሸብን ብላ ብታጉረመርምም ጊዜው ሳይሞላ አላወጣችውም። አባቴ ይህን ካየ በኋላ ነገሩን አልደገመውም።

ሲገባ ግን ፈራ። አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገረው አባቴ በአገውኛ ብቻ ይመልስ ጀመር። እንዳስተረጉም ብለው እኔንም አስገቡኝ። ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጩለት፤ በግራ ጎኑ አስተኙት፤ ቱቦውን እንዳይነክሰው ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ጥርሶቹ መሃል አደረጉለት። ሐኪሙ ካስጨነቀዎት እጅዎን ያንሱ፣ ወዲያው አቆማለሁ አለው። እኔም በአገውኛ ደገምኩለት። አባቴ እጁን አላነሳም። እምባው እየወረደ ዝም ብሎ ተኛ።

ያቆመው ሐኪሙ ራሱ ነው። ስክሪኑ ላይ ያበጠ፣ የሚደማ ሥጋ መንገዱን ዘግቶት ይታያል። ቱቦውን በቀስታ አስጠጋው፤ ጥቂት ጠብቆ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ለምርመራ የሚላክ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ቱቦውን መልሶ አወጣው።

«አላለፈም» አለን። «በግድ ብገፋው ጉሮሯቸው ይቀደዳል። እሱን አላደርገውም።»

የሥጋው ውጤት ሲመጣ ካንሰር ሆነ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኩን። እዚያም ለቀዶ ሕክምና ረፍዷል አሉን፤ ለጨረር ሕክምና ተራ ያዙለትና ስልክ እስክንደውል ቤታችሁ ጠብቁ ብለው መለሱን። ያ ስልክ እስከ ዛሬ አልተደወለም።

ታኅሣሥ ላይ ወተትም አልወርድ አለው። አንድ ረፋድ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬው ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ሳርስለት ቀና ብሎ አየኝ።

«ያ ሐኪም ትንሽ ቢገፋው ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ይቀደድ ነበር አባዬ። እዚያው አልጋው ላይ ትሞት ነበር» አልኩት።

ጨርቁን ከእጄ ተቀበለኝ።

«አሁንስ?» አለኝ።

ጥምቀት ሳይደርስ ቀበርነው።

ነርሷን ከዚያ በኋላ ገበያ አገኘኋት። አባባስ እንዴት ናቸው አለችኝ። ስነግራት እዚያው ሰው መሃል ቆማ አለቀሰች። ምንም አላጠፋሽም ልላት ፈለግሁ፤ እውነትም አላጠፋችም። ግን ምነው አጥፍታ በነበር፣ ቢያንስ የምቆጣው ሰው ይኖረኝ ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝና በራሴ አፈርኩ። እጇን ጨብጬ ተለየኋት።

አሁንም ዳንግላ ነው የምኖረው። ካሜራ እንዲውጡ የታዘዙ ሰዎች ነገሩን ስለማውቀው ያስፈራል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። የታዘዛችሁትን ጠብቁ እንጂ አይጎዳም እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ አባቴንም አልጎዳውም። ደስ ብሏቸው «ታዲያ አባትሽ ዳኑ?» ይሉኛል።